ትዕግሥት ለጀማሪዎች

የአበባ ፎቶ መምህሩ ሬሳ የተገኘው የሥራ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ፣ ከተደፋ የአበባ ማስቀመጫ በፈሰሰ የገማ ውሃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ከኋላ የተመታበት የካሜራ መቆሚያ ወለሉ ላይ ወድቋል። ኢንስፔክተሯ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ዛሬ ያንገሸገሻት ግን ሌላ ነገር ነው። ጥግ ያለችውን ትንሽ ፍሪጅ ስትከፍት፣ ከቅቤና ከተነከሰ ዳቦ ጎን የሞቱ ንቦች ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይም ሆዳቸው ነጭ ሙጫ የተቀባ ንቦች ነበሩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሱ ሥራ ነው፣ እህቴ» አለች የሟች ሚስት ከበሩ ሳታልፍ። «በብርድ ይገድላቸውና አበባ ላይ ይለጥፋቸዋል። ከዚያ ጀማሪዎቹን ‹ንቧ እስክታርፍ ታገሡ› ይላቸዋል። ከኔ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም።»

«ከዚህ ፍሪጅ ትበያለሽ?»

«ሞቼ እገኛለሁ።»

ግቢው ውስጥ አትክልተኛው እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው፤ ባለፈው ሳምንትም መምህሩን «እጅህን እሰብረዋለሁ» ሲለው ጎረቤት ሰምቷል።

«ለምን ዛትክበት?»

«አበባውን ፎቶ ካነሳ በኋላ በጣቱ ይጨፈልቀዋል፣ ሌላ ሰው እንዳያነሳው።»

«ገደልከው?»

«አልገደልኩም። ግን አምኛለሁ ብዬ ልፈርም። ካመንክ ቅጣቱ ይቀልልሃል ብለውኛል ዳኛው። ልጆች አሉኝ እኮ።»

ዳኛው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከመምህሩ ዘንድ አበባን ከቅርብ ማንሳት የሚማሩ አዛውንት ናቸው። ንጹሕ ኮት ለብሰው፣ ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል።

«ጠዋት የት ነበሩ፣ ክቡር ዳኛ?»

«እዚሁ ግቢ፣ ልጄ። ያንን ክፍል ረግጬው አላውቅም። ይህችን ንብ ስጠብቅ ወገቤ ተቆረጠ።»

በካሜራው ያነሱትን ፎቶ አሳዩዋት፤ ጽጌረዳ ላይ ያለች፣ ጥርት ብላ የምትታይ ንብ ነበረች። ኢንስፔክተሯ ምስሉን አጎላችው፤ ደግማ አጎላችው። ከዚያ ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሁሉንም የሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መስኮት ሊከፍት የሄደውን ፖሊስ «ተወው፣ ይሽተተን» አለችው።

«በሕይወት ያለች ንብ አበባውን በእግሮቿ ቆንጥጣ ትይዛለች» አለች። «የዳኛው ንብ ግን እግሮቿን ሆዷ ሥር አጥፋለች።»

«አበባው ላይ ሞታ ይሆናላ» አሉ ዳኛው።

«ሆዷ ሥር ነጭ ሙጫ ይታያል። የለመደበት ፎቶ አንሺ ቢሆን ያደበዝዘው ነበር፤ ጀማሪ ግን ሁሉም ነገር ጥርት እንዲልለት ይፈልጋል። ሙጫ የተቀቡ ንቦች ያሉት ደግሞ ይህ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። መምህሩ መተዳደሪያው የሆነውን ምስጢር ለተማሪ አይሰጥም። ስለዚህ እርስዎ እዚህ ገብተዋል፣ አልገባሁም ብለውም ዋሽተዋል። ከገደሉት በኋላ፣ ግቢ ውስጥ ለመቆየትዎ ማስረጃ የሚሆን ፎቶ አስፈለገዎት። ሲቸኩሉ ያገኙትን ንብ ይዘው ወጡ።»

ዳኛው የካሜራቸውን ማንጠልጠያ ከአንገታቸው አወለቁ።

«ባለቤቴ ተክላው የሞተችው አበባ ነበረኝ» አሉ። «ዘንድሮ ገና ማበቡ ነበር። መምህሩ አብረን እናንሳው ብሎኝ ከነማሰሮው አመጣሁት። አነሳና ዓይኔ እያየ ጨፈለቀው። ተከትዬው ስገባ ንብ እየለጠፈ ነው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።»

ኢንስፔክተሯ ለአበባው ከልቧ አዘነች። ለሰውየውም ማዘን ጀምራ ነበር። ከዚያ የአትክልተኛውን ካቴና ስትፈታ የቆሰለ አንጓውን አየች።

«ይሄ ሰው ፈርሞ ቢሆንስ ኖሮ?»

ዳኛው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «ጥሩ ጠበቃ እቀጥርለት ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለ አትክልተኛው፣ አንጓውን እያሻሸ፣ ከልቡ።

ኢንስፔክተሯ ግቢው ድረስ መታገሥ አልቻለችም፤ ደጃፉ ላይ አስመለሳት።