ዘይት የጠጣው ጊታር

«እንደገና ተላቀቀ!» አለች ደቦራ።

ሙጫው እስኪደርቅ ስንጥቁን አጣብቆ የያዘውን ክላምፕ ፈትታ ጊታሩን ገና ቀና ስታደርገው ሙጫው ለቅቆ ስንጥቁ አፉን ከፈተ። ይሄ ሁለተኛ ጊዜው ነው። አባቷ ገረመው ካልጋሪ አጠገብ ቸስተርሚር ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የመኪናውን ጎማ እየቀየረ ነበር።

«ሙጫው ርካሽ ነው ብዬሻለሁ» አለ ቀና ሳይል።

«ያንተን ወንበር ይዞልህ የለ እንዴ አባዬ?»

ጊታሩን ኢንተርናሽናል አቬኑ የሚባለው መንገድ ላይ ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ያገኘችው እሷው ናት። አርችቶፕ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሆዱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለ፣ በክብ ቀዳዳ ፋንታ ግራና ቀኝ ሁለት ጠማማ ቀዳዳዎች ያሉት። አናቱ ላይ የነበረው ስም ተፍቋል። ሻጩ «ተራ የፕላይውድ ዕቃ ነው» ብሏት ነበር። ደቦራ ግን የስልኳን መብራት በቀዳዳው ጠርዝ ላይ አብርታ አየች። ፕላይውድ ቢሆን ጠርዙ እንደ ሳንድዊች ተደራርቦ ይታይ ነበር፤ የዚህ ግን የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ እስከ ውስጥ ይወርዳል። ከድፍን እንጨት የተፈለፈለ ነው! ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት እራቷንም አልበላች። ከግራው ቀዳዳ አጠገብ ያለው ቀጭን ስንጥቅ ያኔም ነበረ፤ ለእሱ ማን ደንታ ነበረው?

አሁን አፍንጫዋን ወደ ስንጥቁ አስጠጋች። «አባዬ፣ ና እስቲ አሽትተው።»

አሸተተ። «የወይራ ዘይት ነው እንዴ?»

ተያዩ። ሁለቱም እኩል ገባቸው፤ ገረመው ሳቁ ሲያመልጠው አፉን በእጁ ያዘ።

እትዬ ሸዋወርቅ! በቤተ ክርስቲያናቸው አዲስ ነገር ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። መኪና ተገዛ፣ ቤት ተገዛ፣ ልጅ ተወለደ፣ እትዬ ጸልየው ዘይት ይቀባሉ። እጃቸው ደግሞ ለጋስ ነው። ደቦራ ጊታሩን ይዛ የሄደች እሑድ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ዕቃ ለክብርህ!» እያሉ ጠርሙሱን ሲዘቀዝቁበት ጉባኤው ሁሉ «አሜን» አለ። ደቦራም አብራ ብላለች። ድፍኑ እንጨት ታዲያ በስንጥቁ በኩል ዘይቱን ጥግብ እስኪል ጠጣው። ዘይት የጠጣ እንጨት ደግሞ ሙጫ አይቀበልም።

ወዲያው ለዮርዲ ደወለች። ዮርዲ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ በወጣቶች መዘምራን ውስጥ ኪቦርድ ትጫወታለች። ነገሩን ስትሰማ ሳቋን ማቆም አቃታት።

«ኦ ማይ ጋድ! በቃ ዌዘሩ ነው በያቸው። ካልጋሪ፣ ላይክ፣ ደረቅ ነው፤ እንጨት ይሰነጥቃል። ማን ያውቃል?»

«የሰነጠቀውስ ድርቀቱ ነው። ሙጫውን እንቢ ያለው ግን ዘይቱ ነው።»

«ሶ? ልታሳዝኛቸው ነው? ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እኮ ደስ ሲላቸው የማየው ሲቀቡ ብቻ ነው።»

እውነቷን ነው።

«ባይ ዘ ዌይ» አለች ዮርዲ፣ «አዲሱ ኪቦርዴ መጣ! እሑድ አስባርከዋለሁ።»

«ዮርዲ! ኤሌክትሪክ እኮ ነው!»

«ኦ ኖ… አንቺ ንገሪያቸው፣ ፕሊዝ። የኔ አማርኛ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አይበቃም።»

በማግስቱ አባትና ልጅ የጋራዡን በር ወለል አድርገው ከፍተው፣ ዘይት በሚያሟሟ የላይተር ፈሳሽ በራሰ ጨርቅ ስንጥቁን ደጋግመው ጠረጉት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ መውጣት ሲጀምር አድርቀው ሙጫ ቀብተው በክላምፕ አሰሩት። ሐሙስ ክላምፑ ሲፈታ ስንጥቁ ንቅንቅ አላለም። ደቦራ በደስታ ጮኸች።

«ያንቺስ ዳነ» አለ ገረመው። «ስለ ኪቦርዱ ለፓስተሩ ልንገረው፤ እሱ በዘዴ ያስቆማቸዋል።»

ደቦራ አሰበችው። ፓስተሩ ከተናገረ ሽማግሌዎች ይሰማሉ፤ ሽማግሌዎች ከሰሙ ነገሩ ስብሰባ ይሆናል፤ እትዬም በሰው ሁሉ ፊት ያፍራሉ።

«እሳቸው ቤት አድርሰኝ» አለችው።

እትዬ ሸዋወርቅ በሩን ከፍተው አገላብጠው ሳሟት። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ እዚያው በር ላይ ቆማ ተናገረች። «እትዬ፣ የምነግርዎት ነገር አለ፤ እንዳይቀየሙኝ።» ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ዮርዲ ኪቦርድም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«ውይ በሞትኩት! እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

«አሁን ድኗል፣ እትዬ። ሙጫው ይዟል።»

እሳቸው ግን የሰሟት አይመስሉም። ከቦርሳቸው ትንሿን ጠርሙስ አውጥተው አዩዋት። «ቤት የዋለ ሰው ለምን ይጠቅማል ብዬ፣ እንዲያው ይህቺን እንኳ…» ብለው መሳቢያ ከፍተው ከመርፌና ክሩ ጋር ከተቷት።

ደቦራ መኪና ውስጥ ስትለማመድ የመጣችው የምትናገረውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለሚሆነው አላሰበችም።

«እትዬ፣ ቆይ አይዝጉት» አለች። እጅጌዋን ሰብስባ ሁለቱንም መዳፎቿን ዘረጋች። «ጊታሩ ብቻውን አይዘምርም እኮ። እነዚህን ይቀቡልኝ።»

እትዬ ሸዋወርቅ ቀረብ ብለው የጊታሩ ክር ያደነደናቸውን የጣቶቿን ጫፎች አንድ በአንድ ዳሰሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ጠርሙሷን መልሰው አወጧት።

«ለዮርዲ ንገሪያት» አሉ ክዳኑን እየፈቱ። «እሑድ ኪቦርዱን ትታ እጇን ይዛልኝ ትምጣ።»