ምድጃው ምን ጎደለው?

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ። የብርድ ታሪክ ልነግራችሁ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርቄ የምትባል ልጅ አለች። ጥያቄዋ አያልቅም። «ለምን?» ትላለች፤ ሲመልሱላት ደግሞ «እሱስ ለምን?» ትላለች።

የነብርቄ ቤት በጣም ይበርዳል። ደግነቱ ከጭቃ የተሠራ ትልቅ ምድጃ አላቸው። እሱ ሲነድ ቤቱ ይሞቃል።

አንድ ቀን ጠዋት አሮጌው ምድጃ «ጧ!» አለ። ሆዱ ላይ ተሰነጠቀ።

ጭሱ በስንጥቁ ሾልኮ ቤቱን ሞላው። ትንሹ ወንድሟ አቡሽ «እህ! እህ!» ብሎ ሳለ፤ ከዚያም አለቀሰ።

እናቷ እሳቱን አጠፋችው። ወዲያው ቤቱ በረደ፤ የአቡሽ አፍንጫም ቀዘቀዘ።

«ዛሬ ማታ ውርጭ ይወርዳል። ልጁ ያለ እሳት እንዴት ያድራል?» አለች እናቷ።

ብርቄ አቡሽን በጣም ትወደዋለች። ይህን ስትሰማ ፈራች።

«አፍርሰን አዲስ እንሥራ» አለ አባቷ።

«አዲሱ እስኪደርቅ ሊበርደን ነው? ስንጥቁን እንድፈነው እንጂ» አለች እናቷ።

አባቷ አፈርና ውሃ አቦካ። ለጠፈ፣ አለሰለሰ፣ ወዲያውም እሳት አነደደ።

«ጧ!»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብላ እናቷ ሳቀችበት።

ብርቄ ምድጃውን «ኳ! ኳ!» አደረገችው። «ለምን ተሰነጠቅህ? ምን ጎደለህ?» አለችው። ምድጃው ዝም አለ።

«ግድግዳውን ጠይቂው። እሱም እኮ ጭቃ ነው» አለች እናቷ።

ብርቄ ግድግዳውን «ኳ! ኳ!» አደረገችው። «አንተስ ለምን አልተሰነጠቅህም?» ግድግዳውም ዝም አለ።

ቀረብ ብላ አየችው። በጣቷ ዳሰሰችው። አንድ ቢጫ ነገር ጣቷን ወጋ አደረጋት።

«ጭድ! ግድግዳው ጭድ በልቷል። የአባዬ ጭቃ ግን ምንም አልበላም» አለች ብርቄ።

አባቷ ራሱን አከከ። «ለካ ጭዱን ረስቼዋለሁ» አለ።

ብርቄ ጭድ በእቅፏ ይዛ መጣች። ጫማቸውን አውልቀው ጭቃውን ረገጡት። «ጭቅ! ጭቅ! ብላ፣ ጭቃ፣ ጭድ ብላ!»

ስንጥቁን ደፈኑት። አባቷ ክብሪት ሲያነሳ ብርቄ እጁን ያዘችው።

«ቆይ አባዬ፣ መጀመሪያ ይድረቅ» አለችው።

በሩን ከፍተው ነፋስ አስገቡለት። አቡሽ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ጠበቀ።

ሲመሽ እናቷ ትንሽ እሳት አነደደች። ቆይታ ትንሽ ጨመረች። ደግሞ ቆይታ ትንሽ ጨመረች።

ሁሉም ጆሯቸውን ወደ ምድጃው አደረጉ። «ጧ» ይል ይሆን?

አላለም። ጭስም አልሾለከም። የአቡሽ አፍንጫ ሞቀ፤ እሱም እንቅልፍ ወሰደው።

አባቷ ብርቄን ጋቢው ውስጥ አስገብቶ አቀፋት። ዛሬ ጠያቂው እሱ ሆነ።

«ብርቄ፣ ምድጃው ለምን ዝም አለ?»

ዓይኗ እየተከደነ ነበር። «ጠግቦ ነዋ» አለችና እሷም ተኛች።