የአንሻ ጣዎስ

ወልዲያ ውስጥ ፍሬም ሠሪ ነኝ፣ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «እንቅልፍ አጥተህ ነው» ብዬ የምመልስ ሰው ነበርኩ፣ ይህንንም ስነግራችሁ ራሴን እየታዘብኩ ነው፣ ግን እመኑኝ፣ ሆኗል።

ጦርነቱ ከከተማችን ከራቀ በኋላ ሥራዬ ሁሉ የሟች ፎቶ ነበር። አንድ ቀን እማማ ዘይነብ የሚባሉ እናት ከመርሳ ጥልፍ ይዘው መጡ፣ ልጃቸው አንሻ የጀመረችው ጣዎስ ነው፣ ላባው አልቆ ዓይኑ ብቻ ይቀረዋል፣ ከባድ መሣሪያ ግቢያቸው ውስጥ ወድቆ እሷን የገደላት ዕለት፣ መርፌው እላዩ ላይ እንደተሰካ ነው የተገኘው።

«ሙጫ እንዳታስነካብኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ከሙጫና ከሚስማር ሌላ አላውቅም፣ ስለዚህ ድሮ ሙዚየም ውስጥ ትሠራ የነበረች ሰናይት የምትባል መምህርት ለመንኩና ሱቄ ድረስ እየመጣች አስተማረችኝ። መርፌውን «ዝገቱ ጨርቁን ይበላዋል» ብላ ነቅላ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጠችው፣ በእንጨት ክፈፍ ላይ የታጠበ አቡጀዲ ወጠርን፣ ጥልፉን ዳር ዳሩን በቀጭን ክር እላዩ ላይ ሰፋሁት።

ሰፍቼ በጨረስኩ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰናይት ክር ስትጠቀልል እኔ መስታወት ስወለውል፣ በተወጠረ ጨርቅ ውስጥ ክር ሲሳብ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ፣ ሽው ይላል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ደግሞ ሽው።

«እየሰፋህ ነው?» አለችኝ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

«እጄ መስታወት ይዟል።»

ዞራ አየችኝ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ጥልፍ አየች፣ ሁለታችንም አልተጠጋንም፣ እስኪያቆም ቆመን ጠበቅን።

ስንጠጋ ጣዎሱ ዓይን አለው። ከመስፋቴ በፊት በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ላይ ቦታው ባዶ ነው። ሰናይት ክፈፉን ገለበጠችው፣ ጥቁሩ ክር የእኔንም አቡጀዲ በስቶ አልፏል፣ ከሰፋሁት በኋላ ነው የተጠለፈው ማለት ነው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፣ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንስታልኝ አታውቅም።

እማማ ዘይነብ ሊወስዱት ሲመጡ ምን ብዬ ልንገራቸው? እሳቸው ግን መስታወቱን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ጨረሰችው» አሉ፣ እንደሚያውቁት ነገር። «ከሞተችም ወዲህ፣ ጥልፉ ቤት እያለ፣ ከአስር ሰላት በኋላ ስትሰፋ እሰማት ነበር። ብል እንዳይበላባት ብዬ ነው ያመጣሁልህ።»

በሁለተኛው ሳምንት ፍሬሙን ታቅፈው ተመለሱ።

«መምጣቷን ተወች። ዓይኑን ፍታልኝ።»

«እማማ፣ የእሷን ሥራ እንዴት አድርጌ እፈታለሁ?»

«ሥራ ካላት ትመጣለች» አሉኝ፣ ድምፃቸው እንኳ አልተሰበረም፣ እኔ ነኝ ፊቴን ያዞርኩት።

መስታወቱን አውልቄዋለሁ። አንድ ቀን ጨክኜ የመቀሱን ጫፍ ከዓይኑ ክር ሥር ሳስገባ፣ ክሩ ከጀርባ በኩል ሳብ ተደረገና ጠበቀ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንደሚያጠብቀው፣ እጄን መለስኩ።

እማማ ዘይነብ አሁንም በየሳምንቱ ከመርሳ ይመጣሉ፣ በሩ ላይ ቆመው «ፈታኸው?» ይሉኛል፣ «ገና ነኝ፣ እማማ» እላቸዋለሁ፣ «አብሽር፣ አልቸኩልም» ብለውኝ ይመለሳሉ።