ስሙ የማይጠራው ቅጠል

«ሽታው ዳማከሴ ዳማከሴ ይላል» አሉ መምህር ግዛቸው፣ ታሽቶ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለውን ቅጠል ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው።

«ይላል ቲቸር። ግን አይደለም» አለች ጽጌሬዳ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ስሙ አይጠራም። ከተጠራ ይረክሳል።»

መምህር ግዛቸው ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከራከሩ ነበር። የእሳቸው ራስ ፍልጠት እንደ ሰው ራስ ምታት አልነበረም። ግራ ግማሹን ይዞ ሲነሳባቸው የጠመኔው ድምፅ መድፍ ይሆንባቸዋል፤ በመስኮት የምትገባው ፀሐይ እንደ ጦር ትወጋቸዋለች። ያን ቀን የስምንተኛ «ለ» ሰባ ሁለት ተማሪዎች የሚተነፍሱት በተራ ነው። አዋሳ ሐይቅ ውስጥ ያሉት ጉማሬዎች ሳይቀሩ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ ተብሎ ይወራ ነበር፤ ያወራችውም ጽጌሬዳ ናት።

መምህሩ ቅጠሉን ደጋግመው አሸተቱ፤ ጭማቂውን ግንባራቸውንና ጆሮ ግንዳቸውን ቀቡት፤ ወንበራቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዱን ዓይን ገለጡ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ። መምህር ግዛቸው ፈገግ አሉ።

«የዛሬው የሒሳብ ፈተና ለሰኞ ተላልፏል።»

ክፍሉ የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ አጨበጨበ።

«ለመሆኑ የማን ሥራ ነው ይሄ?» አሉ መምህሩ።

«የአባቴ ነው ቲቸር» አለች ጽጌሬዳ አገጯን ቀና አድርጋ። «ሐይቅ ዳር ባለው ትልቁ ሆቴል የዕፀዋት ኤክስፐርት ነው።»

«ኤክስፐርት» የምትለዋን ቃል ያገኘቻት ከራዲዮ ነው። በሆቴሉ ውስጥ ከአለቃ እስከ ዘበኛ አባቷን አቶ ሸዋንግዛውን የሚጠራቸው «አትክልተኛው!» እያለ ነበር። እሳቸውም «አቤት» ይላሉ። ያቺን «አቤት» ጽጌሬዳ አትወዳትም። አባቷ እኮ በዚያን ጊዜዋ አዋሳ አቻ ያልነበራቸው ሰው ናቸው! እንግዳው አበባ ብቻ በሚያይበት ግቢ ውስጥ ፋርማሲ ሙሉ መድኃኒት አብቅለው ነበር። በአበባው ረድፍ መሀል ዳማከሴ፣ በአጥሩ ጥግ ጤናዳም፣ የልብስ ማጠቢያው ውሃ በሚፈስበት ናና፣ ሆድ ለባሰው ሰው ሻይ የሚፈላበት ጦስኝ፣ ሽታው መንፈስ የሚያድስ በሶብላ።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ አይደብቁም። ሰው «ራሴን አመመኝ» ሲላቸው «ዳማከሴ ነው፤ ይኸውልዎ። ቅርንጫፉንም ይውሰዱና አጥርዎ ሥር ይትከሉት» ይላሉ። እንዲህ የሚል መድኃኒተኛ ማን ያምናል? አምና ባለ ሱቋ ጎረቤታቸው እትዬ ተዋበች ቅጠሉን ተቀብለው «ይሄንማ ፍየሌም ትበላዋለች» ብለው በአጥር ወረወሩት። ከዚያ ሁለት ቀን ተጉዘው ስሙን ከማይናገር አዋቂ ዘንድ ሄዱ። ሰውዬው አንድ ነገር በጨርቅ ቋጥሮ ሰጣቸው። ድነው መጡና ቋጠሮውን ለአቶ ሸዋንግዛው በኩራት ፈተው አሳዩአቸው። ዳማከሴ ነበር።

አቶ ሸዋንግዛው «እንኳን ማረዎት» አሉ። ጽጌሬዳ ግን ያን ዕለት አንድ ነገር ገባት። ሰው የሚያምነው አፍንጫውን ሳይሆን ጆሮውን ነው።

ስለዚህ ለአባቷ ቅጠል ካባ ደረበችለት። የሚቀጠፈው ጎህ ሳይቀድ በግራ እጅ ሆነ። የቀጠፈው ሰው መንገድ ላይ ሰላም ቢሉት አይመልስም። የሚበቅለው ደግሞ ከታቦር ተራራ ጀርባ፣ እሷና አባቷ ብቻ በሚያውቁት አንድ ስንጥቅ ውስጥ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከሆቴሉ የአበባ ረድፍ መሀል በቀኝ እጇ እያፏጨች ነበር የምትቀጥፈው።

አንድ ወር አልሞላም፤ ዝናዋ ከባህል አዳራሽ እስከ ሐይቅ ዳር ደረሰ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በኃይሉ ሳይቀሩ መንገድ ላይ አስቆሟት።

«እኛ የምንመራው በሳይንስ ነው» አሏት ኮስተር ብለው።

«አዎ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አጉል እምነት የአድኃሪያን ቅሪት ነው።»

«ልክ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

ግራ ቀኙን ቃኙ። «ሁለት ጥቅል አምጪልኝ። ታዲያ ስሙን እንዳትነግሪኝ!»

ጽጌሬዳ በዚያ ሰሞን እግሯ መሬት አይነካም ነበር። «የአትክልተኛው ልጅ» ሳይሆን «የኤክስፐርቱ ልጅ» በሉ እያለች የምታርም ይመስል በየመንገዱ ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው፤ ሰው በደንብ እንዲያያት።

ያላጨበጨበችላት ታቢታ ብቻ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። «ጽጌ፣ ሌላውን ፎግሪ። እኔን አትሸውጂኝም» ትላታለች። ጨንቋት ባይሆን ኖሮ ታቢታ ያን ቅጠል አትጠይቅም ነበር።

«ለእናቴም ስጪኝ» አለቻት አንድ ቀን፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

የታቢታ ታላቅ ወንድም ሙሴ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ደብዳቤው ከቀረ አራት ወር ሆነ። ሳቃቸው ሦስት አጥር ተሻግሮ ይሰማ የነበረው እናታቸው እትዬ ብዙነሽ ልባቸው ወድቆ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚውሉ ሰው ሆኑ። ምግብ አይቀምሱም። በዚያ ላይ ራሳቸው ይፈልጣቸዋል።

ጽጌሬዳ ጥቅሉን ይዛ ሄደች። እትዬ ብዙነሽን እንደዚያ ስታያቸው ከሁሉም ሰው የበለጠ ተስፋ ልትሰጣቸው ፈለገች። ተስፋ የምትሰጥበት ሌላ ዕቃ አልነበራትም፤ ያላት ምላስ ነው።

«ሰባት ቀን ነው እትዬ ብዙነሽ። በሰባተኛው ቀን ራስዎም ልብዎም ቀና ይላል። ብቻ ሰባቱን ቀን ሌላ መድኃኒት አይንኩ። ሐኪም ቤት ከሄዱ ይረክሳል።»

የመጨረሻዋን ለምን እንደጨመረቻት አታውቅም። አፏ አንዴ ከሞቀ ፍሬን የለውም።

እትዬ ብዙነሽ በዚያው ቀን ቀና ብለው ተቀመጡ። ሁለት ጉርሻም በሉ። ታቢታ ጽጌሬዳን አቅፋ ሳመቻት፤ ጽጌሬዳም ያን ቀን ከጓድ ሊቀመንበሩ በላይ ራሷን አከበረች።

በአምስተኛው ቀን ታቢታ ትምህርት ቤት የደረሰችው በዕረፍት ሰዓት ነው። ዩኒፎርሟን አልለበሰችም።

«እናቴ ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች» አለች እያለከለከች። «ዓይኔን ይጋርደኛል፣ ግራ እጄን አደነዘዘኝ ትላለች። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላት፣ 'ሁለት ቀን ነው የቀረኝ፤ አላረክሰውም' አለች። ጽጌ፣ የእውነት ይረክሳል?»

ዙሪያቸውን ልጆች ከበዋል። ሁሉም የጽጌሬዳን አፍ ያያል። 

«አባቴን... ልጠይቀው» አለችና በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሮጠች።

አቶ ሸዋንግዛው የውሃ ጎማ ይዘው ቆመው ነበር። ስለ እጁ መደንዘዝና ስለ ዓይኑ መጋረድ ስትነግራቸው ጎማውን ከእጃቸው ጣሉት።

«ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ ጽጌ? ምች የመታውን፣ ፀሐይ ያዞረውን፣ ራሱን ከፍሎ የሚያመውን ዳማከሴ ያስታግሰዋል። እጅ ካደነዘዘ፣ ዓይን ከጋረደ ግን የእኔ ቅጠል እዚያ ውስጥ የለችበትም። እሱ የሐኪም ነው። ለምን እስካሁን አልወሰዷቸውም?»

እውነትም ነግረዋታል፤ ውሃ እያጠጡ ሺህ ጊዜ ነግረዋታል። እሷ ግን ስለ ታቦር ተራራ ስንጥቅ እያሰበች ነበር።

«ሐኪም ቤት ከሄዱ ይረክሳል ተብለው ነው» አለች።

«ማን አላቸው?»

ጽጌሬዳ የወደቀውን ጎማ አነሳች። አባቷ አዩአት። አልተቆጡም። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና «በይ፣ እኔ ሄጄ ልንገራቸው» አሉ።

ጽጌሬዳ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም አሰበችው። አባቷ ይሄዳሉ። እንደ ልማዳቸው «ዳማከሴ ነው» ይላሉ። ሰፈሩ «አትክልተኛው ስሙን ጠርቶ አረከሰው» ይላል። የእሷ ስም ግን እንዳማረበት ይቀራል። ለእሷ ከዚህ የተሻለ መውጫ አልነበረም። አባቷም ይሄን ሁሉ አውቀው «ልሂድ» ያሉ መሰላት።

«አይ፣ አባዬ» አለች። «እኔ ነኝ የምሄደው።»

አቶ ሸዋንግዛው ጎንበስ ብለው አንድ የዳማከሴ ችግኝ ከነሥሩ ነቀሉና ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከነአፈሩ አደረጉላት። «እሺ፤ ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ። ሠረገላ ይዤ እደርስብሻለሁ።»

ከሐይቅ ዳር እስከ ሰፈራቸው ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞ አያውቅም። አዋሳ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ያን ሰዓት ደጅ የወጣ ይመስል ነበር። እትዬ ተዋበች ከሱቃቸው በራፍ ተጣሩ። «አንቺ፣ ዳማከሴ ተሸክመሽ የት ነው?»

«እትዬ ብዙነሽ ጋ» አለች ሳትቆም። እትዬ ተዋበችም ነገር ሸተታቸውና ሱቁን ዘግተው ተከተሏት።

እትዬ ብዙነሽ ትራስ ተደግፈዋል፤ ጎረቤቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ታቢታ እግራቸው ሥር ናት። ጽጌሬዳ ቆርቆሮውን አልጋው አጠገብ መሬት ላይ አኖረችው።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ዳማከሴ ነው።»

ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ወደ ቆርቆሮው አሰገጉ።

«የሰጠሁዎት ይሄንኑ ነው። ታቦር ተራራው ውሸት ነው። ግራ እጁም ውሸት ነው። ሐኪም ቤት አይኬድም ያልኩትማ ከሁሉም የባሰ ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አባቴ አያውቅም።»

«ድሮም እኮ 'ኤክስፐርት' ስትል ጠርጥሬያለሁ!» አሉ እትዬ ተዋበች። ሌሎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ታቢታ ጽጌሬዳን አየቻት፤ ያ አስተያየት ከስድብ ሁሉ ይከብድ ነበር።

እትዬ ብዙነሽ ግን ችግኙን ቁልቁል እያዩ ነበር። ደህና የሆነችውን እጃቸውን ዘርግተው አንድ ቅጠል ቀጠፉና አሸተቱት።

«አፍንጫዬማ ከመጀመሪያው ቀን ነግሮኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ስሙን የማላውቀው ነገር ከፈወሰኝ... የልጄም ወሬ ከማላውቀው ቦታ ድንገት ይመጣ ይሆናል ብዬ ነው።» ቅጠሉን ትራሳቸው ላይ አኖሩት። «ታቢታ፣ ነጠላዬን አምጪ። እንሂድ።»

የፈረስ ሠረገላው ደጅ ቆሟል፤ አቶ ሸዋንግዛው ከጎኑ። እትዬ ብዙነሽን በአንድ ወገን ታቢታ፣ በሌላው ጽጌሬዳ ደግፈው ጫኗቸው። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ተመረመሩ። የደም ግፊት ነው ተባለ። ክኒን ተሰጣቸው። «ደግ ነው፣ በጊዜ አመጣችኋቸው» አለች ነርሷ፤ «በጊዜ» የምትለዋን ስትሰማ ጽጌሬዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የእትዬ ብዙነሽ እጅ በሁለተኛው ቀን ወደ ነበረበት ተመለሰ። ልባቸው ግን ክኒን አይገባው ኖሮ፣ ፊታቸው አሁንም ወደ ግድግዳው ነበር። አቶ ሸዋንግዛው ዳማከሴውን አጥራቸው ሥር ከተከሉላቸው በኋላ አንድ ረድፍ በሶብላ ጨመሩ።

«ጠዋትና ማታ ውሃ ይፈልጋል» አሏቸው። «አንድ ቀን ከዘለሉት ይሞታል። ደግሞ እጅ ይለምዳል፤ ሌላ ሰው ካጠጣው ይኮራል።»

ጽጌሬዳ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ሆቴሉ ውስጥ ያለው በሶብላ በሁለት ቀን አንዴ፣ ያገኘ ሰው እንደሚያጠጣው ታውቃለች። ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው። አቶ ሸዋንግዛው ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ደመና የሚቆጥሩ መሰሉ። በሕይወታቸው ሲዋሹ ያየቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንዴት ያለ ውብ ውሸት ነበር!

በማግስቱ ማለዳ እትዬ ብዙነሽ ጣሳ ይዘው አጥር ሥር ታዩ። ማታም እንደዚያው።

ትምህርት ቤት ውስጥ ጽጌሬዳ አዲስ ስም ወጣላት፤ «ዳማከሴ»። ስታልፍ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ታቢታ አልሳቀችባትም፤ ግን አላናገረቻትም። አንድ ዴስክ ላይ፣ ክንድ ለክንድ፣ ዘጠኝ ቀን።

በአሥረኛው ቀን መምህር ግዛቸው ግራ ግማሽ ራሳቸውን ይዘው ገቡ። ጉማሬዎቹ ዝም አሉ።

«ጽጌሬዳ፣ ያ ስሙ የማይጠራው...»

«ዳማከሴ!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ፤ ሳቁ ፈነዳ። መምህሩ ፊታቸውን አጨማደዱ።

ጽጌሬዳ ከቦርሳዋ ጥቂት ቅጠል አወጣች። ያልታሸ፣ ቅርጹ የሚታይ ቅጠል ነው። የደብተር ወረቀት ገነጠለች። እስክሪብቶዋን ብትሞክረው ቀለሙ አልቋል። ዴስኩ ላይ ሌላ እስክሪብቶ ተንሸራቶ መጣና እጇን ነካ። ታቢታ ፊቷን ወደ ሰሌዳው እንዳደረገች ናት።

ጽጌሬዳ በትልልቁ ጻፈች። «ዳማከሴ። ዓይን ከጋረደ፣ እጅ ካደነዘዘ፣ ወደ ሐኪም ቤት።» ከሥሩ «ከአቶ ሸዋንግዛው» ብላ ቆመች። ወረቀቱ ገና ሰፊ ነበር፤ «የዕፀዋት ኤክስፐርት» የሚለውን ያለ ችግር ይይዛል።

«አትክልተኛው» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ከዚያ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ቀስ እያለች፣ ወረቀቱን ይዛ ወደ ፊት ሄደች፤ ሁሉም በደንብ እንዲያነበው።