የኔታ ዝም የሚሉበት ቦታ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። የማያምን ካለ ሹም አቦ ሰፈር ሄዶ ሥርጉትን ይጠይቃት... ከመለሰችለት።

ጨለማ፣ ጅብ፣ መቃብር የሚጠብቅ ሰው ይቅርበት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። የባሕር ዳር ፀሐይ አናት ይበሳል፤ መንገዱ ላይ ባጃጅ ይንጫጫል።

ሥርጉት ከአንድ የቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ ባለች ቢሮ ሶፍትዌር ትፈትሻለች። አለቃዋ ክንዱ ይባላል። ራሱን "ኢንጂነር" እያለ የሚጠራ፣ ራሱ ቀልዶ ራሱ የሚስቅ ሰው ነው።

ያ ጉረኛ የድምፅ ማጫወቻ ፕሮግራም ሠራ። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። እስከዚህ ደግ ነው። ጉዱ ያለው መጫኛው ላይ ነው።

አንድ ፋይል ጠቅ ስታደርጉ ኮምፒውተሩ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚሰጠው ቀድሞ ተነግሮታል። ጨዋ መጫኛ "ከእንግዲህ የድምፅ ፋይሎችን እኔ ልክፈታቸው?" ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። የክንዱ መጫኛ ግን አይጠይቅም፤ የሰው ፋይል ሁሉ የራሱ ነው። ፋይሉ ሲከፈት ደግሞ ፕሮግራሙ ድምፅ የሌለበትን ቦታ ሁሉ ቆርጦ ይጥላል፤ የቀረውንም በዋናው ፋይል ምትክ ያስቀምጣል።

"ጠይቅ እንጂ፤ ፋይሉ የሰው ነው" ብላው ነበር ሥርጉት።

"ተጠቃሚ ምን ያውቃል? ከጠየቅሽው እንቢ ይላል።"

ይህንን እንደ ትልቅ ጥበብ ነው የተናገረው። ቂል!

በዚያ ቀን መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ከደቅ ደሴት በጀልባ መጡ። ላፕቶፓቸውን በጋቢ ጠቅልለውታል።

"ልጄ፣ ይህን ፕሮግራም ጫንሁና መምህሬን አጣሁ" አሏት።

መምህራቸው የኔታ ገብረ ኪዳን ዐርፈዋል። ከማረፋቸው በፊት ዜማውን በድምፅ ቀርጸው ትተውላቸው ነበር። የኔታ አንድ ሐረግ ይመራሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። በዝምታው ውስጥ ተማሪው ይቀበላል። መሪጌታ በየማለዳው ከሞቱት መምህራቸው ጋር እንዲህ ያዜሙ ነበር። አሁን ዝምታው ተቆርጦ ተጥሏል። የኔታ ያለ ፋታ ይሮጣሉ፤ መቀበያ ቦታ የለም።

"ያልከፈትሁት አንድ ቀርቷል። እሱን እንኳ አድኝልኝ።"

ክንዱ ከወንበሩ ሳይነሣ ሳቀ። "ዝምታ ጠፋብኝ ብሎ አቤቱታ! አባባ፣ የጣልኩልዎት እኮ ባዶ ነገር ነው።"

ሥርጉት በንቀት አየችው። ፕሮግራሙን ከላፕቶፑ ላይ አጠፋችው።

የቀረው ፋይል ምልክት ግን አልተለወጠም... አሁንም የክንዱ ፕሮግራም አርማ ነው።

ፋይሉን ወደ ቢሮው ማክ ገለበጠችው። ማኩ ገና ከካርቶኑ መውጣቱ ነው፤ ፕሮግራሙ አልተጫነበትም።

ያው አርማ...

ወደ ሊኑክሱ ገለበጠችው።

ያው...

"ክንዱ፣ እነዚህ ላይ ጭነኸዋል?"

"አልጫንኩም።"

"ታዲያ ማን ጫነው?... ተው፣ አትንካው!"

"ዞር በይ" አለና ጠቅ አደረገው።

የኔታ አንድ ሐረግ መሩ። የሸመገለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው።

ከዚያ ዝም አሉ።

ፕሮግራሙ ዝምታውን አልቆረጠውም። ዝምታው ረዘመ... ማራገቢያው ይዞራል፣ አይሰማም። ከታች ባጃጆቹ ያልፋሉ፣ አይሰሙም።

"ምንድን ነው?" አለች ሥርጉት በሹክሹክታ።

"እየጠበቁ ነው" አሉ መሪጌታ።

መሪጌታ ሊቀበሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከኮምፒውተሩ ውስጥ መቋሚያ ወለሉን መታ... ጓ! ተማሪ ያለ ተራው ሲገባ የኔታ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

"የሚጠብቁት እኔን አይደለም" አሉ መሪጌታ። ዓይናቸውን ወደ ክንዱ አዞሩ።

ክንዱ ሊስቅ ሞከረ።

"ስህተት ነው ማሽኑ ነው አስተካክለዋለሁ ምን ያፈጥጣችኋል ቆይ ሥርጉት ውሃ ስጪኝ ማቆም አልቻልኩም ስጪኝ ማቆም አልቻልኩም ስጪኝ..."

በቃልና በቃል መካከል ክፍተት የለም። አየር አይስብም። ፊቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፤ አፉ ግን አላረፈም። ሥርጉት ገመዶቹን ሁሉ ነቀለች። እሱ ቀጠለ። ስትንቀው የኖረችውን ሰው ያን ጊዜ አንጀቷ አዘነለት፤ ቀርባ ልትይዘው ግን ፈራች።

ክንዱ አሁን አንበሳሜ፣ እናቱ ቤት ነው። ሐኪምም አየው፣ ጸበልም ገባ። ተኝቶም ያወራል። እንዴት በሕይወት እንዳለ ማንም አያውቅም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሪጌታ ለሥርጉት ደወሉላት። የተቆረጡት ፋይሎች ሁሉ ዝምታቸው ተመልሶላቸዋል። ደስ ብሏት በጠዋቱ ጀልባ ደቅ ገባች።

መሪጌታ ደስ አላላቸውም። አንዱን ፋይል ከፈቱላት። የኔታ መሩ፤ ዝም አሉ። መሪጌታ አልተቀበሉም።

"ለምን አያዜሙም? ተራው የእርስዎ አይደል?"

"እኔ ካዜምሁ ያ አለቃሽ በየት ይተንፍስ? ቂልም ቢሆን ነፍስ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ጆሮሽን አስጠጊ።"

አስጠጋች።

በዝምታው ውስጥ አንድ ሰው አየር ሳበ... ከሐይቁ ሥር እንደወጣ ሰው፣ ረጅም፣ የስስት...

የኔታ ቀጣዩን ሐረግ መሩ። ዝም አሉ።

እንደገና ሳበ።