ስም የሌላቸው መጠይቆች

የወርቅውሃ የደንበኛ ወረቀት የማንበብ ልማድ አልነበራትም። አሶሳ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈተች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ማመልከቻም ይሁን ክስ እንደመጣላት አባዝታ ትመልሳለች። አንድ ቀን ግን ዓይኗ አንድ ወጣት ሊያባዛ ባመጣው መጠይቅ ሰባተኛ ጥያቄ ላይ ቀረ፤ «ብሔርዎ?» ይላል። ከላይ ደግሞ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃል።

«ይኼን ማን ነው የሚያነበው?»

«እኔና አማካሪዬ» አለ ቀጠን ያለው ወጣት። «ለማስተርስ ጥናት ነው። የተለያየ ብሔር ያላቸው ጎረቤታሞች እንዴት እንደሚኖሩ ነው የማጠናው።»

ቦዔዝ ይባላል። የቡለን ልጅ፣ ሺናሻ ነው።

«ለጥናት ከሆነ ስም ምን ያደርግልሃል?»

«ከስድስት ወር በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ደግሜ መጠየቅ አለብኝ።»

አልተዋጠላትም። ከቤተሰቧ ጋር ፓዌ ሳሉ፣ በግርግሩ ሰሞን፣ ቤት ለቤት እየዞረ ብሔር የሚጽፍ ሰው ነበር። በሳምንቱ ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። ሁለቱ ነገሮች ይገናኙ አይገናኙ ዛሬም አታውቅም።

ቦዔዝ ግን መመላለስ አበዛ። አንድ ገጽ ሊያባዛ መጥቶ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ደስ ይለዋል፤ እስኪመጣ መጠበቅ አለበታ! እሷም ሳታስበው የሚመጣበትን ሰዓት መጠባበቅ ጀመረች። ሲመጣላት ደግሞ ታኮርፈዋለች።

ነገሩ ለአባቷ ለጋሽ ገበየሁ ገብቷቸዋል። እሳቸው በደርግ ጊዜ ከወሎ ፓዌ ለሰፈራ የመጡት ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ መኪና ላይ ተጭነው ነው። «ልጄ፣ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው የመጣው ለወረቀቱ ነው» አሏት።

አንድ ማክሰኞ ሱቋ ፊት ለፊት መኪና ቆመ። ቦዔዝ መነጽር ካደረገ ሰው አጠገብ ተቀምጧል፤ የተሞሉት መጠይቆች ጭኑ ላይ ናቸው። ሰውየው ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ቦዔዝ ሲገባ ቀና ብላ አላየችውም።

«ሰጠኸው?»

መጠይቆቹን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆመ።

«ጠየቅኩህ እኮ!»

«ስምና የቤት ቁጥር ያለበትን ስጠኝና ሥራ አስቀጥርሃለሁ አለኝ። ለምን እንደፈለገው አልነገረኝም።» የታቀፈውን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። «ይኸው፣ ቁጠሪው።»

ቆጠረች። ካባዛችለት አንድም አልጎደለም።

«ፎቶ አንስቶትስ ቢሆን?»

«አላነሳም። ግን በምን ላሳምንሽ?» ድምፁ ሰለለ። «ነገ ሌላ ሰው ይመጣል። መቀስ ስጪኝ።»

የእያንዳንዱን ወረቀት አናት፣ ስምና የቤት ቁጥር ያለበትን፣ እየቆረጠ ይሰጣታል፤ እሷ ትቦጫጭቃለች።

«ታዲያ ሰዎቹን በምን ታገኛቸዋለህ?»

«አላገኛቸውም። የጥናቱ ግማሽ ቀረ ማለት ነው።»

መጨረሻው ወረቀት ላይ ጣቶቻቸው ተነካኩ። ማንም እጁን አላነሳም።

«አሁንስ አመንሽኝ?»

«አላመንኩህም» አለች፤ ጉንጯ ቀልቶ። «ግን ነገም ና።»

በዓመቱ ቦዔዝ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ገበየሁ ሁለቴ መለሷቸው። በሦስተኛው ሽማግሌዎቹ ቦዔዝንም ይዘው መጡ፤ አባት ልጃቸውን ጠርተው በሰው ፊት «ታምኚዋለሽ?» አሏት።

የወርቅውሃ ቦዔዝን ለረጅም ጊዜ አየችው። ላብ አጥምቆታል።

«ዓመት ሙሉ ስጠረጥረው ከረምኩ፣ አባዬ» አለች። «ደከመኝ።»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ገበየሁ አልሳቁም፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለቦዔዝ እጃቸውን ዘረጉለት።