የፎርኖው ሰዓት ለአራት ሲካፈል

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ተረት የሚፈልግ ሌላ ቻናል ይፈልግ።

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ የእኛ ብሎክ፣ ሦስተኛ ፎቅ። 2006 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

አዎ፣ ከቀኑ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ልጆች ደረጃው ላይ ይሯሯጣሉ። አስፈሪ ነገር ጨለማ ይጠብቃል ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል።

ታሪኩ የጎረቤቴ የእታገኝ ነው። እሷ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ። መጨረሻውን ግን በራሴ ዓይን አይቼዋለሁ...

እታገኝ ባሏን ከቀበረች ቆይታለች። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፣ ዕፀገነት። ዕፀገነት ሰው ቤት ልትሠራ ዓረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነበር። ኮንትራቷ ጥቅምት ላይ ያልቃል፣ ትመጣለች። እናትየው ለዚያች ቀን ነበር የምትኖረው።

እስከዚያው ዳቦ ትጋግራለች። ጠዋት ጠዋት የቂሊንጦ ሰርቪስ የሚጠብቁ የፋብሪካ ልጆች ከእሷ ዳቦ ሌላ ቁርስ አያውቁም። የምትጋግረው በኤሌክትሪክ ፎርኖ ነው። የየምግቡን ሰዓት ዕፀገነት ከመሄዷ በፊት ደብተር ላይ ጽፋላት ነበር። ድፎ ዳቦ፣ አንድ ሰዓት። ፓስታ በፎርኖ፣ አርባ ደቂቃ። ዶሮ፣ ሰማንያ ደቂቃ።

ልጅቷ አንድ ልማድ ነበራት። ሊጡ ፎርኖ ከመግባቱ በፊት መሀሉን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። ጣቷ ላይ ያው ፎርኖ ያቃጠላት ጠባሳ አለ፣ አግድም የሄደ። ዳቦው ሲወጣ ያ መስመር መሀሉ ላይ ይታያል። ፊርማዬ ነው ትል ነበር።

መስከረም ላይ ፎርኖው ተቃጠለ። ታች ሱቅ ያለው ሻፊ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃም የሚጠጋግነው፣ ፈታትቶ አየውና ከእንግዲህ እንደማይሠራ ነገራት። እታገኝ ብዙም አልከፋትም። ልጄ ስትመጣ ሌላ እንገዛለን አለች።

ጥቅምት አሥራ አራት ቀን በሩ ተንኳኳ። እታገኝ እየሮጠች ከፈተች።

ዕፀገነት አልነበረችም። ፊርዶስ የምትባል ጓደኛዋ ናት፣ እዚያው አገር አብረዋት ከሚሠሩት አንዷ። ትልቅ ካርቶን አቅፋለች። ማይክሮዌቭ።

ልጄስ? ፊርዶስ መሬት መሬት እያየች ነገረቻት። ዕፀገነት ኮንትራቷን አድሳለች። ሌላ ሁለት ዓመት።

ያንኑ ዕለት ስልክ ተደወለ።

«እማዬ... ተቀየምሽኝ?»

«በዕቃ ልትሸነግዪኝ ነው?»

ዕፀገነት ግን ወሬውን ወደ ማይክሮዌቩ አዞረችው። ብረት እንዳታስገቢበት አለቻት። ስለ ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ አለች፦

«ፎርኖ ላይ የሚፈጀውን ለአራት አካፍዪው። ከጎደለ ትጨምሪያለሽ እማዬ። ካለፈ ግን... አይመለስም።»

ማሽኑ ጮኸ ብላ ቶሎ እንዳትከፍተውም አስጠነቀቀቻት። ማሽኑ ከቆመ በኋላም ምግቡ ውስጥ ውስጡን ይበስላል፣ ትንሽ ማረፍ አለበት።

እታገኝ ደብተሩን ይዛ ቁጭ አለች። ትምህርቷ ከመሠረተ ትምህርት አያልፍም፣ ማካፈል ግን ታውቃለች። ድፎ ዳቦ፣ አሥራ አምስት። ፓስታ፣ አሥር። ዶሮ፣ ሃያ።

ከዚያ ንዴቱ መጣባት። እልሁ፣ ናፍቆቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ከዶሮው ሥር እስክሪብቶውን ጫን አድርጋ ጻፈች፦

ዕፀገነት፣ ሃያ አራት ወር።

አካፈለችው።

ስድስት።

እንባዋን ጠርጋ በራሷ ሳቀች። ደብተሩን ማይክሮዌቩ ላይ አስቀምጣ የመጀመሪያውን ሊጥ አስገባች።

ዳቦው ነጭ ሆኖ ወጣ። ቅርፊት የለው፣ መልክ የለው። ለሻፊ አቀመሰችው። ጠርዙን ሲነካው ቀዝቃዛ ነው፣ መሀሉን ሲገምጥ ግን ምላሱ ተቃጠለ።

«ማዘር፣ ይሄ ነገር የሚነደው ከውስጥ ነው እንዴ?» አላት።

ተሳሳቁ። ያኔ ያስቅ ነበር።

ዕፀገነት እሑድ እሑድ ትደውላለች። ድሮ ሃያ ደቂቃ ያወሩ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ስልኩ መሀል ላይ ይቋረጥ ጀመር። እታገኝ ኔትወርኩን ረገመች፣ እንደ ሁላችንም። አንድ እሑድ ግን እያወራች ዓይኗ የማይክሮዌቩ ሰዓት ላይ ነበር።

አምስት ደቂቃ።

በሚቀጥለው እሑድም አምስት። በሚቀጥለውም...

ኅዳር ላይ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ማውራት ጀመረች።

«እማዬ... ላዬን ይበርደኛል። ውስጤን ግን ያቃጥለኛል።»

«ጉንፋን ነው። ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ።»

«ጉንፋን አይደለም።»

ተቋረጠ።

ጥር ላይ ደግሞ ክፍሉ ይዞርብኛል አለች። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ። መብራቱን ባጠፋውም አይጠፋም አለች። ጆሮዬ ላይ እምምም የሚል ነገር አለ አለች።

እታገኝ ሐኪም ቤት ሂጂ ብላ ለመነቻት። ሌላ ምን ታድርግ? ባሕር ማዶ ያለን ልጅ ግንባር በምን እጇ ትነካዋለች?

መጋቢት መጨረሻ ላይ ግን የምሥራች መጣ።

ዕፀገነት ልትመጣ ነው። አሠሪዋ ታማብኛለች ብላ ለቃታለች፣ ትኬቱ ተቆርጧል። ሚያዝያ አሥራ አራት።

እታገኝ በጣቷ ቆጠረች። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። ስድስት! ደብተሩን አንስታ ሳመችው። በዚያች ደቂቃ በዓለም ላይ እንደ እሷ ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ስልኩ ሳይቋረጥ ልንገራት ብላ ተጣደፈች።

«ለአራት አካፍዬልሽ ነበር እኮ!»

«ምኑን?»

«ሁለቱን ዓመት። ደብተሩ ላይ። ከዶሮው ሥር ጻፍኩት።»



እምምም የሚለው ድምፅ ብቻ ይሰማል። በዚያኛው ጫፍ ይሁን በዚህኛው እታገኝ መለየት አልቻለችም።

«እማዬ...» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «ምን አደረግሽ?»

አምስት ደቂቃ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራም። እታገኝ ግን ትኬቱን አምና ቤቱን ቀባች፣ አዲስ አንሶላ አነጠፈች። ሚያዝያ አሥራ አራት ቀን ኤርፖርት ሄዳ እስኪመሽ ቆመች። ለምን እንዳልመጣች የተነገራት እዚያው እንደቆመች ነው፣ በስልክ፣ በማታውቃት ሴት። ዕፀገነት ያን ዕለት ጠዋት ሻንጣዋን ዘግታ ቁጭ እንዳለች ሞታለች።

አስከሬኑ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሳጥኑ የታሸገ ነው። አብሮት የመጣው ወረቀት የተጻፈው በዓረብኛ ነበር። ሻፊ ቁርአን ቤት የተማረ ስለሆነ አንብብልን አልነው።

«ከላይዋ ምንም ጉዳት የለም ይላል» አለ።

ቀጥሎ ሌላ መስመር ነበረ። ለብቻው አነበበው፣ ወረቀቱን አጠፈና ለእታገኝ ሰጣት። ምን እንደሚል ጠይቄው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

እታገኝ ሳጥኑ ላይ ተደፋች። ሊያነሷት ሲሉ ጉንጯን እንጨቱ ላይ እንደለጠፈች ደርቃ ቀረች። በኋላ ነው የነገረችኝ። የሳጥኑ ጠርዝ ቀዝቃዛ ነበር። መሀሉ ግን... ትኩስ።

ከበረዶ ቤት ነው የመጣችው፣ ልብ በሉ። ሦስት ሳምንት።

ቀበርናት። ፍትሐቱም ሆነ፣ ዕድሩም ድንኳኑን አፈረሰ። ሰው ወደ ጉዳዩ ሄደ። ሰው ሁሌም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፣ እኔም ሄጃለሁ።

አርባዋ በወጣ ማግስት ምሳ ይዤላት ወጣሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ብሎኩ በሙሉ ጸጥ ብሏል።

በሩ ገርበብ ብሏል።

እታገኝ ወንበር ስባ ማይክሮዌቩ ፊት ተቀምጣለች። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው። «ስድስት» ከሚለው ሥር ስድስት ሲባዛ በአራት ብላ ጽፋለች። ሃያ አራት። ከሥሩ እንደገና ሃያ አራት። እንደገና። ገጹን ሞልታዋለች።

«ይመለስ ይሆን ብዬ ነው» አለችኝ። «እኔ ነኝ የገደልኳት።»

አይደለሽም ልላት አፌን ከፈትኩ...

እምምም።

ቀና አልኩ። የማይክሮዌቩ መብራት በርቷል።

ገመዱን አየሁት። ከግድግዳው ተነቅሏል፣ ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል። ሳህኑ ግን ይዞራል። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ። ላዩ ላይ ምንም የለም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ካካፈልኩት ሰዓት ጀምሮ።»

ጲጵ... ጲጵ... ጲጵ።

ቆመ።

እግሬ ወደ በሩ ይላል፣ እጄ ወደ ማይክሮዌቩ። እጄ ቀደመ። እታገኝ ያዘችኝ።

«አይከፈት» አለች። «ትንሽ ትረፍ።»

ቆምን። መስታወቱ ቀስ በቀስ በላብ ተሸፈነ፣ ከውስጥ በኩል።

ከዚያ ጭጋጉ መሀል ላይ አንድ ቦታ ጠራ። የአውራ ጣት ያህል ቦታ።

ቀረብ ብዬ አየሁት። ከውስጥ ተጭኖ የታተመ ጣት ነው። መሀሉ ላይ መስመር አለው፣ አግድም የሄደ።